ዶሮ የሚያስረሱት እትዬ የሺ

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬም ፌጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሲወቀጥ ከሸተተኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሆዷን አሟት ስትወቅጥ ሽታው በአጥሩ ዘልቆ መጣና የያዝኩትን ትቼ ቁጭ አልኩ። በጣቶቼ መሃል የዶሮ ምንቃር ያለ መሰለኝ፤ ያ ትንሽ፣ ደረቅ፣ አልከፈትም የሚል ምንቃር።

ቤታችን ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ከኛ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ፣ እትዬ የሺ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞቷል፣ ልጅ አልወለዱም፣ መሬትም በሬም የላቸውም። ያላቸው ዶሮ ነው። የቤታቸው እኩሌታም የዶሮዎቹ ነበር፤ ከግድግዳ ግድግዳ የተጋደመ የወይራ ቆጥ፣ በሩ ሥር ውሃ የሚጠጡበት የዘይት ቆርቆሮ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ጭድ የተሞላ የተሰበረ እንስራ። እንቁላል ሲያስታቅፉ ከጭዱ ሥር አንድ የዛገ ትልቅ ምስማር ይቀብራሉ። መብረቅ ሲጮህ ጫጩቶቹ በእንቁላሉ ውስጥ እንዳይሞቱ ነው። ምስማሩን ያገኙት ከመንገድ ላይ፣ ከጭነት መኪና ወድቆ ነው።

"የጣልያን መኪና ተሸክሞ የኖረ ምስማር መብረቅ ይፈራል ብለሽ ነው?" ይሉኝ ነበር።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን በማስረሳት ነው። ዶሮ መጣሏን ጨርሳ መታቀፍ ሲያምራት እንቁላሉ ቢወሰድባትም ባዶ ጭድ ላይ ተኝታ ትከርማለች፤ አትበላም፣ አትጥልም። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ቤት ወስደው ጥቂት ቀን ያሳድሯታል። ቤቱ ሲለወጥባት ትረሳለች። ዶሮዋ ያስቸገረቻት ሴት ሁሉ ወደ እትዬ የሺ ትልካለች። እሳቸው ደረቷን ቀዝቃዛ ውሃ ነከር አድርገው፣ ነፋስ የሚያገኛት ቦታ ያስሯትና እንደ ሰው ያነጋግሯታል።

"ተነሽ እናቴ። ከሥርሽ እኮ ምንም የለም። ምኑን ነው የምታሞቂው?"

እኔ ስስቅ ዞር ብለው፣ "ሳቂ፣ አንቺም ስታድጊ ታይዋለሽ" ይሉኛል።

በንጉሡ ጊዜ ማብቂያ ላይ በልጉም ክረምቱም ከዳን። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ቀድሞ መኪና ብቻ የምናይበት መንገድ ልጅ ያዘለ፣ ቁርበት የተሸከመ ሰው ሞላው። ወልድያ ያለችው እህታቸው፣ ነይና እዚህ ሰው ቤት ተቀጠሪ እያለች ትልክባቸው ነበር። እሳቸው ግን ዶሮዎቻቸውን እያሳዩ፣ "እነዚህ እስከጣሉልኝ ድረስ ከቤቴ ማን ያስወጣኛል?" ይላሉ። አሥራ አንድ ነበሩ። እህል ሲጠፋ ምስጥ እየቆፈሩ ያበሏቸዋል፤ እኔም በገል እየዛቅሁ አቀብላቸው ነበር። ምስጡን ሳፈስ ዶሮዎቹ በምንቃራቸው እግሬን ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት እኛ ቤት ቀይዋ ዶሮ ከቆጡ ሥር አንገቷ ተጠማዞ ተገኘች። ፈንግል ነው፤ ዶሮ ቤት ከገባ ቤቱን ጠርጎ የሚወጣው በሽታ። እናቴ ፊቷ ተለወጠ። የቀረችን ገብስማ ዶሮ ብቻ ነበረች፣ እሷም ያን ሰሞን ልታቀፍ ብላ ባዶ ጭድ ላይ ተኝታለች። ያን ጊዜ ፈንግል የቤት ነፋስ ነው ይባል ነበር፤ ቶሎ ከቤት የወጣች ዶሮ ትድናለች ተብሎ ይታመን ነበር። እናቴ ገብስማዋን በነጠላዬ ጠቅልላ አሳቀፈችኝ።

"እትዬ የሺ ዘንድ አድርሻት። መታቀፍ አምሯት አስቸግራናለች በያቸው። ስለ ቀይዋ ግን ትንፍሽ እንዳትይ።"

"ለምን?"

"አንቺ ልጅ፣ የታዘዝሽውን አድርጊ።"

እትዬ የሺ ዶሮዋን ተቀብለው ደረቷን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። "ይቺስ ብሶባታል። ቤት ሁሉ ደህና ነው? ዶሮዎቹስ?"

"ደህና ናቸው" አልኳቸው።

በሳምንቱ የመጀመሪያዋ ክንፏን ጣለች። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። እትዬ የሺ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው፣ ሎሚ ጨምቀውበት፣ ጠዋትና ማታ ያጠጧቸው ጀመር። ምንቃር የምከፍት እኔ ነበርኩ። አረንጓዴ ኩሳቸው ቀሚሴ ላይ ይደርቃል። አንዳንዷ እጄ ላይ እያለች አንገቷ ወደ ኋላ ይዞርና ሰማይ ሰማይ ታያለች። "ያዣት፣ አይዞሽ፣ ቀስ አድርገሽ ያዣት" ይሉኛል፤ እኔ የማለቅሰው ለዶሮዎቹ ይመስላቸው ነበር።

ስድስቱ ከሞቱ በኋላ እናቴ ልታያቸው መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

"እትዬ፣ የቀሩትን ሳይሞቱ መርሳ ገበያ ቢያወጧቸውስ?"

እትዬ የሺ ከወቀጣቸው ቀና አሉ። "ሰው ተደስቶ ቤቱ ይዟቸው ሊገባ? በሽታውን በሰው ዶሮ ላይ ልልቀቀው እንዴ?"

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። እኔን አላየችኝም፤ እኔም አላየኋትም።

አሥራ አንዱም አለቁ። ጅብ እንዳይጎትተው፣ ውሻም ለሰው ቤት እንዳያደርሰው ብለው ሁሉንም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯቸው። የተረፈችው አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረች፤ ገብስማችን። ጥቂት ቀን አንገቷን አዘቅዝቃ ቆየችና ተነሣች። እትዬ የሺ ራሳቸው ታቅፈው አመጡልን።

"ዶሯችሁ ድናለች። መታቀፏንም ረስታለች" አሉ።

እናቴ እጇን ልትዘረጋ አልቻለችም። "ይውሰዷት እትዬ። ለርስዎ ትሁን።"

"የሰው ዶሮ ይዤ የት እገባለሁ?" ብለው መሬት ላይ ለቀቋት። በሽታው ከየት እንደመጣባቸው ያወቁ ይሁን ያላወቁ፣ ይኸው አርጅቼም አልለየሁትም። ፊታቸው ላይ ድካም እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም።

በማግስቱ ወደ ወልድያ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጡ። የያዙት አንድ ጥቅልል ጨርቅ ነው። በራቸውን በገመድ አስረው ነበር። "ዝናብ ሲመጣ እመጣለሁ፣ ቤቴን አደራ" አሏት እናቴን። እኔን ጉንጬን ሳሙኝ፤ እጃቸው ፌጦ ፌጦ ይሸታል። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሲሄድ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። አቧራው ገባበት።

በተከታዩ ክረምት ዝናብ መጣ። እትዬ የሺ አልመጡም። እናቴ ወልድያ ድረስ ሄዳ ጠየቀች፤ እህትየዋም የነበረችበትን ቤት ለቃለች፣ የት እንደገቡ የሚያውቅ አልተገኘም። በዚያ ዓመት ስንቱ የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም።

እናቴ ገብስማዋን ለሰው ሰጠቻት፤ ከዚያ ወዲህም ዶሮ አላረባችም። በየዓመቱ መስቀል ሲቃረብ ግን ጭቃና ጭድ ረግጣ የእትዬ የሺን ቤት ትመርግ ነበር። የእንስራውን አሮጌ ጭድ አውጥታ አዲስ ትሞላዋለች፣ ምስማሩንም ከሥሩ መልሳ ትቀብረዋለች። እኔ ጭቃ አቀብላለሁ። ስለ ዶሮዋ አንድም ቀን አላነሣንም። ሰባት ዓመት እንዲህ አደረገች። በስምንተኛው ክረምት አፋፉ ተናደና ቤቱ ወንዝ ገባ። መስቀል ሲቃረብ እናቴ እንደ ልማዷ ጭቃውን ረገጠችው። ከዚያ ጥቂት ቆማ የራሳችንን ቤት መረገችበት።