የዳኘው ሣር

ወረታ ውስጥ ጋሪ የተሳፈረ ሁሉ ዳኘውን ያውቀዋል። ሲነዳ ከተሳፋሪው ይልቅ ከፈረሱ ከዳማ ጋር ያወራል፤ ፈረሱም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጠዋል።

ታዲያ ይህ ሰው ባለፈው በጋ ጉድ አሰኘን። ሁላችንም ጉማራ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ስንተክል፣ እሱ ከማሳችንና ከአስፋልቱ መሀል ባለችው ግማሽ ጥማድ መሬቱ ላይ ሣር አበቀለ። የውሃ ተራው ሲደርስ ቦዩን ከፍቶ ሜዳው ላይ ይለቀዋል፤ መሬቱ እስኪጠግብ ሱሪውን ሰብስቦ በጭቃው ይመላለሳል። ውሃ ያልደረሰው ሜዳ ሁሉ ተሰነጣጥቆ የሱ መስክ ብቻ ሐምሌ ይመስላል።

ከሳቁበት አንዱ እኔ ነበርሁ። "ለፈረስ ሰላጣ ተከልህ አሉ?" አልሁት።

"ለዳማ ነው" አለኝ ሳይስቅ። "ቦራን ገለባ ገደለብኝ እኮ።"

ቦራ የቀድሞ ፈረሱ ነው። ካቻምና በጋ፣ ከሩዝ ገለባ በቀር የሚቀመስ ሲጠፋ፣ ከነጋሪው ወድቆ አልተነሣም። እኔ ከዚያ ወዲያ መሳቁን ተውሁ። ተራ የሚያከፋፍሉን የውሃ አባት አያ የኋላሸት ግን ስብሰባ ላይ ፈረዱ።

"ሣር አዝመራ አይደለም። ከፋሲካ ወዲያ ተራህ ለሽንኩርት ይሰጣል።"

"እርስዎ ካሉ እሺ፣ አያ የኋላሸት። ዳማ ግን ሽንኩርት አይበላም" ብሎ ተቀመጠ።

እኛ ደግሞ ስስታችን! የመኪናውን መንገድ ሳይቀር አርሰን ሽንኩርት አድርገነው ነበር። ምርቱ ደርሶ አይሱዙው ሲመጣ መግቢያ የለው። በዚያ ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለና ዋልካው ጭቃ ሆኖ ሰው እንኳ አላራምድ አለ። የከተማው ጋሪዎች ተጠሩ፤ ፈረሶቻቸው አጥንታቸው ወጥቶ ባዶ ጋሪ መጎተት አቃታቸው። ሽንኩርቱ በየጆንያው መሽተት ጀመረ።

ዳኘው ሳይጠራ ዳማን ጠምዶ መጣ። ሥሩ የተያያዘ የሣር መስክ አይሱዙ ባይችልም ጋሪ ይችላል። ሦስት ቀን ሙሉ የገዛ ሣሩን እያስረገጠ የሁላችንን ጆንያ አስፋልት አደረሰ። የአያ የኋላሸትን ግን መጨረሻ ነው ያነሣው፤ እሱም ሰው ነዋ!

በማግሥቱ አያ የኋላሸት ዶማ ይዘው መጡና ያለ ተራው ቦዩን በእጃቸው ከፈቱለት። ውሃው በተረገጠው ሣር ላይ ተንጣልሎ እስከ ዳማ ኮቴ ደረሰ።

"ተራህ ያንተው ነው" አሉት።

 ዳኘው የዳማን አንገት አቅፎ "ምነው ይህ ሣር ለቦራም በደረሰለት" አለና ተንሰቀሰቀ።