ለጓደኛዬ ልጅ የጻፍኩት የድጋፍ ደብዳቤ

ቀናተኛ ነኝ። ሰው ይህን ስለራሱ ሲናገር “ትንሽ” የምትል ቃል ጣል ያደርግባታል፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ መዋሸት አልፈልግም። ጓደኛዬ ቤት የገዛች ዕለት “እንኳን ደስ ያለሽ” ብዬ አገላብጬ ሳምኳትና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ከጓደኛዬ ጋር ዲቪ ደርሶን ኮሎምበስ የመጣነው በአንድ ዓመት ነው። ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር አንድ አፓርትመንት ውስጥ፣ እሷ ፎቅ እኔ ምድር፣ ስምንት ዓመት ኖረናል። ሴት ልጆቻችን እኩያ ናቸው፤ ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ አንዱ ቤት በልተው ሌላው ቤት እየተኙ ነው ያደጉት። ወረርሽኙ በገባ ዓመት፣ በ2020 መጨረሻ ላይ፣ ጓደኛዬና የጭነት መኪና የሚነዳው ባሏ ከዌስተርቪል አልፈው በቆሎ ማሳ መሃል ቤት ገዙ። ሰዉ ሁሉ “ገጠር ገባችሁ” እያለ ቀለደባቸው። አብዝቼ የቀለድኩት እኔ ነኝ። “ጅብ አይመጣባችሁም?” እላት ነበር።

እኔ አገር ቤት እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ባሽግም፣ የምናውቃቸው ሰዎች ደብዳቤ ሲመጣላቸው የሚያመጡት ለኔ ነው። የኢንሹራንሱን፣ የሐኪም ቤቱን፣ የትምህርት ቤቱን፣ ሁሉንም አነብላቸዋለሁ። ጓደኛዬ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ የደብዳቤ ክምሯን በፌስታል ይዛ ትመጣለች። ልጇ ማንበብ ትችላለች፤ እሷ ግን “ልጅ ላይ የቤት ጣጣ አልጭንም” ትላለች። እኔም ይህን ሥራ እወደው ነበር። ቤት ባይኖረኝም ቤት ያላቸው እኔ ሳላነብላቸው ምንም አያደርጉም ብዬ እኮራ ነበር።

በ2022 ጃንዋሪ፣ አንድ እሑድ፣ ከፌስታሉ ውስጥ የመብራት ማኅበሩ ደብዳቤ ወጣ። እነሱ ሰፈር መብራት የሚመጣው እንደኛ ከከተማ ኩባንያ አይደለም። የገጠሩ ሰዎች ድሮ ራሳቸው ተሰባስበው ያቋቋሙት የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው የሚያበራላቸው። ቆጣሪ ያለው ሁሉ አባል ነው፤ ይሰበሰባል፣ ቦርድ ይመርጣል። ባጭሩ የመብራት እድር ነው። ደብዳቤው ደግሞ የአባላት ልጆች ለሆኑ የሃይስኩል ተማሪዎች የተጻፈ ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ቆሞ የነበረው የወጣቶች ጉዞ ዘንድሮ ይቀጥላል ይላል። ተወዳድረው የሚመረጡት ልጆች አንድ ሳምንት ዋሽንግተን ይከርማሉ፣ አመራር ይሠለጥናሉ፣ ኮንግረስ ገብተው እንደራሴዎቻቸውን ያነጋግራሉ። ወጪው በሙሉ በማኅበሩ።

መሪ የምትሆነውማ የኔዋ ናት! የኔ ልጅ አፍ አላት፣ ፊት አላት፣ ክፍሏን ወክላ የምትናገረው እሷ ናት። የጓደኛዬ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ሰላም ብላ ጓዳ የምትገባ ዝምተኛ ናት። ምን ልትላቸው ነው ኮንግረስ የምትገባው?

“ምን ይላል?” አለችኝ ጓደኛዬ።

“ማስታወቂያ ነው” አልኳትና ወረቀቱን ከማይጠቅሙት ጋር አደረግሁት። ስትወጣ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ በምሳ እረፍቴ ለማኅበሩ ደወልኩ። አንዲት ትሑት ሴትዮ አነሳች። ለማመልከት ከየትኛው ቤት እንደምንደውል ጠየቀችኝ። ሂልቶፕ አልኳት። አዝናለሁ፣ እናንተ አባል አይደላችሁም አለችኝ። “ልጄ እኮ አብዛኛውን ጊዜ የምታድረው አባል ቤት ነው” አልኩ። ሴትዮዋ፣ ነዋሪነቷ ግን እዚያ ነው ወይ አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁት። እዚያ ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ ሰው በቤት ይቀናል፣ በመኪና ይቀናል፣ እኔ ግን በሰው ቆጣሪ ቀናሁ ብዬ ራሴን ታዘብኩት። ወረቀቱን ግን አልመለስኩም። የኔ ልጅ ካልሄደች ማንም አይሂድ ነበር ሐሳቤ፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ወረቀቱን ያገኘችው ልጄ ናት። መኪና ውስጥ ቻርጀር ፍለጋ ቦርሳዬን ስትበረብር አወጣችው። አነበበችው፣ ከላይ የተጻፈውን የጓደኛዬን ስም አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። በስልኳ ፎቶ አንስታ ለጓደኛዋ ላከችላት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታውኑ ጓደኛዬ ደወለች።

“ኧረ አንቺ፣ ያ ነገር ማስታወቂያ አልነበረም አሉ!”

“አይ... በኋላ ደግሜ ሳየው እኮ...” አልኩ።

“ልጅሽ ላከችልን፣ ትባረክ! ዴድላይኑ ገና ሳምንት አለው። አሁን አንድ ችግር አለ። ሪኮመንዴሽን የሚጽፍላት ቤተሰብ ያልሆነ ትልቅ ሰው ይፈልጋሉ። ካንቺ ሌላ ማን አለን?”

ልጅቷም ስልኩን ተቀብላ “እትዬ፣ ፕሊስ” አለችኝ። እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ልጅቷ ተመርጣ በጁን ሄደች። ይህን አሁኑኑ የምናገረው፣ አንባቢዬ ሄደች ወይስ ቀረች እያለ እንዳይጨነቅ ነው። ዋሽንግተን ሆና የተነሳቻቸውን ፎቶዎች እናቷ አንድ በአንድ ስትልክልኝ ከሥራቸው የልብ ምልክት እያደረግሁ በሆዴ እበግን ነበር፤ እዚያ ላይ አልተሻሻልኩም። መናገር የፈለግሁት ግን ደብዳቤውን የጻፍኩበትን ቅዳሜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በእስክሪብቶ ጀመርኩ። የአስተማሪ ልማድ ሆኖብኝ መጀመሪያ በእጄ ካልጻፍኩ አይመጣልኝም። ያን ቀን ግን እንግሊዝኛው እንደ ድሮው መጣልኝ። የሠራሁትን በደል በደንብ በመጻፍ ልክሰው ብዬ ቆርጬ ነበር። አውቶቡስ ነጂው አንድ ሽማግሌ ትቶ ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆማ እንዳስቆመችው ጻፍኩ። ትምህርት በኮምፒውተር በሆነበት ዓመት ኢንተርኔት የሌላቸውን የሕንፃውን ልጆች ደረጃው ላይ ደርድራ እንዳስጠናቻቸው ጻፍኩ። ስትሳሳት “ተሳስቻለሁ” ለማለት እንደማትፈራ፣ ይህንንም ከማንም ትልቅ ሰው እንዳላየሁ ጻፍኩ። ገጹ ሞላ። ጽፌ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጄን ጠርቼ “እስቲ ስፔሊንጉን እዪልኝ” አልኳት።

ቆማ ማንበብ ጀመረች። መሃል ላይ ስትደርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጨርሳ ደግሞ ከመጀመሪያው አነበበችው።

“ማሚ” አለችኝ፣ “ደረጃው ላይ ልጆቹን ያስጠናሁት እኔ ነኝ።”

“እ?”

“አውቶቡሱንም ያስቆምኩት እኔ ነኝ። እሷ ያን ቀን አልነበረችም። ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ።”

ወረቀቱን ቀምቼ አነበብኩት። እውነቷን ነው። ከላይ ከስሟ በቀር የጓደኛዬ ልጅ ገጹ ውስጥ የለችም። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እጄ ላይ የበላች ልጅ፣ ስለሷ አንድ መስመር የምጽፈው አልነበረኝም። እናቷ ያላትን ነገር ስቆጥር ልጅቷን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም።

ይቅርታ ልል ቀና ስል ልጄ እያለቀሰች ነበር። እሷ ደግሞ አልቃሻ አይደለችም። መሪር ልቅሶም አልነበረም፤ እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል።

“እንደዚህ እንደምታስቢኝ አላውቅም ነበር” አለችኝ በእንግሊዝኛ። “ሁልጊዜ የምትዪኝ የጓደኛዬን ልጅ እያት፣ የነእንትናን ልጅ እያት ነው። እኔ የማልበቃሽ ነበር የሚመስለኝ።”

ስቀና የኖርኩት ለሷ ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ለራሴ የምለው እንደዚያ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ የሰማችው ግን የሌሎች ልጆች ሙገሳ ብቻ ነው። የሷ ሙገሳ የተጻፈው በሌላ ልጅ ስም፣ ያውም በስሕተት ነው።

ከላይ ያለውን ስም በእስክሪብቶዬ ሰርዛ የራሷን ጻፈችበትና ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

“ለሷ ሌላ ጻፊላት” አለችኝ።

አዲስ ወረቀት ሳብኩ። አፍሬ ቀና ማለት አቃተኝ።

“እስቲ ስለሷ ንገሪኝ” አልኳት፣ “ምን ዓይነት ልጅ ናት?”