የጋሽ ሞላን አስራ ሁለት ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይሄን ነገር እስከዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ጋ ሁለት ጊዜ ሄጄ ስለ ጾም ስለ ምናምን ቀባጥሬ ተመልሻለሁ። ለእናንተ ልናገረው ነው፤ «ልጅ ስለሆነች ነው» እንዳትሉኝ ብቻ። ልጅ አልነበርኩም። ዲግሪ ይዣለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በአራተኛው ወር ጋይንት ውስጥ አንድ መስሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ በኮንትራት ቀጠረኝ። ስራዬ የገበሬው ስም ዝርዝር ከወረቀት ወጥቶ ኮምፒውተር ላይ እንዲገባ ማድረግ ነበር። ሰራሁት። በኢንተርኔት የሚከፈት ሰንጠረዥ ነው፤ ባለሙያው የራሱን ቀበሌ ፈልጎ፣ ሳጥኑን ነክቶ ያስተካክላል፣ ከታች «አስቀምጥ» የሚለውን ይጫናል። በቃ። እንዴት እንደተኮፈስኩበት!

አንድ ነገር ግን አውቅ ነበር። አውቅ ነበር፣ ይሄን ያዙልኝ። «አስቀምጥ» ሲጫኑት የሚሄደው የተስተካከለው መስመር ብቻ አልነበረም፣ ገጹ ላይ ያለው ሰንጠረዥ በሙሉ ነበር። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ከፍቶት ከሆነ፣ ኋላ የተጫነው ሰው አሮጌ ዝርዝር የፊተኛውን ሰው ስራ ይደመስሰዋል። ለማስተካከል ግማሽ ቀን ይበቃኝ ነበር። ሰለቸኝ። እዚህ አገር ማን ባንድ ጊዜ ይከፍተዋል ብዬ ተውኩት።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ በረዶ ሰብሉን መታው። ለተጎዳው ገበሬ መስከረም ላይ የሚዘራው ሽምብራ ሊታደል ሆነ፤ የሚታደለውም በኔ ሰንጠረዥ ላይ ስሙ ላለ ሰው ብቻ።

ጋሽ ሞላ የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ናቸው፣ ከስማዳ በኩል ካለ ቀበሌ። ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጡ። ከወንዝ ማዶ ያለች አንዲት ጎጥ ተረስታ ኖሮ፣ ቤት ለቤት ዞረው አስራ ሁለት አባወራ መዝግበዋል፤ ሰዎቹ ወረቀቱ ላይ በጣታቸው ፈርመውበታል። ቢሮው ውስጥ ባለ ሌላ ማሽን ላይ በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉት። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ሰዓቴን አያለሁ፣ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ጨርሰው ተጫኑት። እኔው ራሴ «ገብቷል» አልኳቸው።

«እንግዲያ መረከብሽን ፈርሚልኝ፣ ልጄ።»

«ምን ብዬ ነው የምፈርመው ጋሽ ሞላ? ማሽኑ ይዞታል እኮ።»

«ማሽኑ ማህተም አለው?»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔ ሳቁ ጣመኝና ወረቀቱን ከእጃቸው ወስጄ ቀደድኩት። «የወረቀት ዘመን አለቀ!» ብዬ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። የአስራ ሁለት ሰው ጣት ያለበትን ወረቀት። ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ወደ ራሴ ማሽን ተመለስኩ። ከጠዋት ጀምሮ የተከፈተ ገጽ ነበረኝ። የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር አስተካከልኩና ተጫንኩት። አስቀምጥ።

በእደላው ቀን የዚያች ጎጥ ሰዎች አህያ እየነዱ መጡ፣ ስማችሁ የለም ተባሉ፣ ባዶ ጆንያ ይዘው ተመለሱ። «ሞላ የዘመዶቹን ጎጥ አስመዝግቦ እኛን ካደን» ብለው ከሰሱ። ስብሰባ ተጠራ።

ሰንጠረዡ ከኋላው ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚይዝ መዝገብ ነበረው። ከስብሰባው በፊት ብቻዬን ከፈትኩት። የጋሽ ሞላ አስራ ሁለት ስም ቁጭ ብሏል። ከሱ በታች፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣ የኔ ስም። ሽምብራው ታድሎ አልቋል፣ እሱን መመለስ አልችልም። የሰውየውን ስም ግን መመለስ እችል ነበር። ምን ይጠይቅ ነበር? ስክሪኑን ወደ ሰዎቹ ማዞር። እኔ ምን አደረግኩ? ሁለቱንም መርጬ አጠፋሁ። ኮንትራቴ የሚታደስበት ወር ነበር። ይሄው ነው፣ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

ኃላፊው እኔን ጠየቀኝ፤ «አስገብተዋል ወይስ አላስገቡም?»

«ሲስተሙ ላይ ምንም የለም» አልኩ።

ጋሽ ሞላ ወደኔ ዞሩ። «አብረን አይደል እንዴ ያስገባነው? አጠገቤ ነበርሽ እኮ፣ ልጄ።»

«አስቀምጥ የሚለውን ሳይጫኑት ሄደው ይሆናል።»

«ጣታቸው ደክሟት ይሆናል!» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ።

ቢጮሁብኝ ምን ነበረበት? ውሸታም ቢሉኝ? እጃቸውን አገላብጠው አዩና «ይሆናል፣ እኔ ስለ ማሽን ምን አውቄ» አሉ። አመኑኝ! ከራሳቸው ዓይን ይልቅ እኔን አመኑ።

ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸውና እስቴ ውስጥ ወደ ራቀ ቀበሌ ተዛወሩ። ከዚያች ጎጥ ሰዎች ጋር ለዓመታት ጽዋ የጠጡበት ማኅበር ነበራቸው፤ «ከእንግዲህ እንዳይመጣ» ብለው ላኩባቸው። እኔ ቋሚ ሆንኩ። ሰንጠረዡንም በሳምንቱ አስተካከልኩት፣ በአንድ ጠዋት፣ ሻይ እየጠጣሁ። ጎበዝ ተባልኩ። እኔን ስታዩ ያላቅለሸለሻችሁ እናንተ ስለማታውቁ ነው።

ባለፈው ሰሞን ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ አዩኝ። ሚኒባስ ውስጥ ልሸጎጥ ስል «ልጄ!» ብለው ጠሩኝ።

«እንኳን አገኘሁሽ። እዚያም ኮምፒውተር አምጥተውልናል። እስቲ ያን አስቀምጥ የምትሉትን በደንብ አሳይኝ፣ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳልበድል።»

ነገርኳቸው? አልነገርኳቸውም። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። «እዚህ ጋ ነው የሚጫኑት» አልኳቸው፣ ያኔ በትክክል የተጫኑትን። ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው፤ እንደ መምህር። «እግዜር ይስጥሽ፣ ተባረኪ» አሉኝ፣ እኔም አሜን አልኩ። አሜን!

አሁን እናንተን ይቅርታ ልለምን? እናንተን ምን አደረግኳችሁ? ያቺ ጎጥ የት እንዳለች አውቃለሁ፣ እግርም አለኝ፣ አልሄድኩም። ይሄን መጻፌም መሄድ አይደለም። እንዳትምሩኝ። ብትምሩኝም እዚያ ያሉት ሰዎች ዛሬም ሞላ ካደን ነው የሚሉት።