ጀማሉዲን ጀማሉዲንን የከለከለው ዕረፍት

በደርግ ጊዜ ጀማሉዲን ከኮምቦልቻ ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ኃላፊም፣ በሽተኛ የሚያክም ብቸኛ ድሬሰርም ነበር። ጠዋት በሽተኛ፣ ከሰዓት ስብሰባ፣ እሑድ ዘመቻ ሆኖበት ጉልበቱ ሲከዳው፣ አንድ ቀን ራሱን መረመረና «የሦስት ቀን ዕረፍት ያስፈልገዋል» ብሎ ፈረመ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞሮ በኃላፊው ወንበር ተቀመጠ፣ ወረቀቱን አነበበና «ሥራ ይበደላል» ብሎ ከለከለው።

ግልባጩ እንደ ደንቡ ደሴ ላለው የጤና ሠራተኞች ጉዳይ ኮሚቴ ደረሰ። ኮሚቴው፣ አንድ ጨቋኝ ኃላፊ የታመመ ሠራተኛ በድሏል ብሎ አስጠራው። ስሞቹ አንድ መሆናቸውን ያየ ካለም፣ ስብሰባው እንዳይራዘም ብሎ ዝም አለ። ጀማሉዲን እንደ በዳይ ቆሞ ግለ ሂስ አደረገ፤ ቀጥሎ እንደ ተበዳይ ቆሞ አመሰገነ። ውሳኔውም ተነበበ፦ ሠራተኛው ሦስት ቀን ቤቱ ይረፍ፤ ኃላፊው ግን ለቅጣት ሦስቱንም ቀን ከጤና ጣቢያው ንቅንቅ እንዳይል።

ይህንን ለሚስቱ ለሸሪፋ ሲነግራት በሩ ላይ ቆማ ሰማችው።

«ወላሂ ደግ ፈርደዋል» አለች። «ኃላፊው እዚያው ይደር። የሚያርፈውን ግን ቶሎ ላክልኝ፤ ልጆቹ አይተውት አያውቁም።»