የአለምነሽ ልኬት

ጋምቤላ ገበያ ዳር ጋሽ ሰይድ ልብስ ስፌት ቤት የገባሁ ቀን የስፌት መኪናውን አላስነኩኝም። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው፤ መርፌ ይዤ አላውቅም ነበር። «መጀመሪያ ቁልፍ ትተክላለህ፣ ቀጥሎ ትዘመዝማለህ፣ ከዚያ መኪና ላይ ትቀመጣለህ። መቀስ የሚይዘው ቆራጭ ብቻ ነው» አሉኝ። ቆራጭ እስክሆን ጺሜ በቀለ።

የራሴን ሱቅ ስከፍት ባለቤቴ አለምነሽ አብራኝ ገባች። ሴት ደንበኞች ወንድ ሲለካቸው ይሳቀቃሉ። ስለዚህ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ በሜትር እየለካች ቁጥሩን ትጠራለች፤ እኔ ጨርቁ ላይ በሳሙና አሰምራለሁ። ቁጥሩ ከበዛ «አይዞሽ፣ ጨርቁ ይበቃል» እያለች ታስቃቸው ነበር።

ከዚያ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘ። ካንሰር ነው ተባለ። አዲስ አበባ ወስጃት ግራ ጡቷ በቀዶ ጥገና ወጣ። ሐኪሙ በሽታው አጥንቷ ውስጥም እንደገባ፣ መድኃኒቱን ዕድሜ ልኳን እንደምትወስድ ነገረን። ስንመለስ ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች።

ዓሣ ነጋዴዋ አርየት ለልጇ ሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች።

«ደክሟታል፤ እኔ ልለካሽ» አልኳት።

«ተው፣ አንተ አትለካም። አለምነሽ እስክትመጣ እጠብቃለሁ» ብላ ጨርቋን ይዛ ሄደች።

ያሳሰበኝ ገበያው አልነበረም። የአለምነሽ ድምፅ የሌለበት ሱቅ አስጠላኝ።

አንድ እሁድ በድሮ ልኬቷ አዲስ ቀሚስ ሰፋሁላት። ሰው እንዳያውቅባት ብዬ በግራ በኩል ከገበሩ ሥር ጥጥ ጠቀጠቅሁበት። ስትለብሰው ትከሻው ወረደ፣ ወገቡ ሰፋ፤ በዚያ ሙቀት ጥጡ አላባት።

«ይሄ የማን ቀሚስ ነው?»

«ያንቺ ነዋ።»

«የኔ ከሆነ ለምን ሳትለካኝ ቆረጥከው?»

ከተመለስን ጀምሮ ደረቷን አይቼው አላውቅም። እንዳያማት ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ፈርቼ ነው።

ቀሚሱን አወለቀች፤ ሜትሩን ከመሳቢያው አውጥታ አንገቴ ላይ ጣለችው።

«በል ለካ።»

ሜትሩ ጠባሳው ላይ ሲያርፍ ፊቴን አዞርኩ።

«ልጆች ወልጄልህ ዛሬ ታፍረኛለህ?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አለቀስኩ።

«ቁጥሩን ጥራ እንጂ!»

ጠራሁ፤ እሷ ቀሚሱ ላይ በሳሙናው አሰመረች። ያለ ጥጥ መልሼ ሰፋሁት። ያንኑ ለብሳ ሱቅ መጣች፤ አርየትን ራሷ አስጠርታ ለካቻት።

አሁንም ለሕክምና አዲስ አበባ ደርሳ በተመለሰች ቁጥር እለካታለሁ። አንዳንዴ ትከሳለች፣ አንዳንዴ ሥጋዋ ይመለሳል። ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። በድሮ ልኬት አትቁረጡ። ሰውን አቁማችሁ ለኩ፤ የሚያስፈራችሁን ቦታ አትዝለሉ።