አጁሉና የአባዬ ወንፊት

ባለፈው ሳምንት ከገበያ የመጣ ድንች ሳፋ ውስጥ ገልብጬ ውሃ ሳፈስበት፣ አብሮት የመጣ ደረቅ ጓል ወደ ታች ሰምጦ ትስስስ እያለ አረፋውን ይለቅ ጀመር። እጄን ከውሃው ሳላወጣ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ድምፅ የማውቀው በልጅነቴ፣ ጋምቤላ፣ ከባሮ ብዙም በማይርቀው ግቢያችን፣ ማንጎው ሥር ነው። ድምፁን ስሰማ ከሁሉ በፊት ትዝ ያለኝ ግን አባቴ ሳይሆን አጁሉ መሆኗ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬም ያናድደኛል።

አባዬ በግብርና መሥሪያ ቤት የአፈር ሠራተኛ ነበር። ክልሉ ገና ክልል መሆኑ ስለነበር መሥሪያ ቤቱ ማኅተምና ሰሌዳ እንጂ ለአፈር የሚሆን ክፍል አልነበረውም፤ ስለዚህ ወንፊቶቹንና ሚዛኑን ተሸክሞ ቤት ይመጣ ነበር። በበጋ፣ ቆርቆሮው በሙቀት በሚንጣጣበት ወራት፣ ከየመንደሩ ያመጣውን ጓል በጆንያ ላይ አስጥቶ ያደርቅ ነበር፣ እኛም ዶሮ እንዳይበትነው እንጠብቅ ነበር። ሲደርቅ ፍርፋሪውን ወንፊት ላይ አድርጎ፣ ወንፊቱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ በእርጋታ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። የሚሟሟው ሟሙቶ ያልፋል፣ ተያይዞ የጸናው ወንፊቱ ላይ ይቀራል፤ የቀረውን አድርቆ ይመዝነዋል። እርስ በርሱ የተያያዘ አፈር ጎርፍ በቀላሉ አይወስደውም ይለን ነበር። እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ «እኔንም አንድ ቀን ነክረህ ብታየኝ ምን አለ? ካንተ ጋር ይሄን ሁሉ ዓመት ኖሬ አልሟሟሁም» ስትለው፣ ወንፊቱን ሳያቆም ይስቅ ነበር።

አጁሉ የጎረቤታችን ልጅ፣ እኩያዬ ነበረች። እናቷ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ስለምትውል ከትምህርት መልስ እኛ ቤት ትቆይ ነበር። በአኝዋክኛ ማስተማር ሲጀመር እሷን ወደ ሌላ ክፍል ሲወስዷት፣ እውነቱን ለመናገር ተገላገልኩ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ከሰዓት ደብተሯን ይዛ ከች ትላለች። ክረምት ገብቶ ዝናቡ በረንዳ ላይ ሲሰበስበን፣ አባዬ ለሁለታችንም ወንፊት መያዝ ያስተምረን ጀመር። አንዱን አፈር ሁለቴ፣ በሁለት እጅ መሞከር ያስፈልግ ነበር፤ ሁለቱ ውጤት ካልተቀራረበ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። እንግዲህ ያኔ ነው አጁሉን «እጅሽ እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው» ያላት። እኔን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማዬን የዱቄት ወንፊት እየሰረቅሁ በጓሮ በኩል ባዶ ሳፋ ላይ ከፍ ዝቅ ሳደርግ፣ እማዬ ልጅቷ ጤናም የላት ትል ነበር።

ክረምቱ አልፎ ባሮ ወደ መሐል ሲሸሽ፣ ሰዉም በዳርቻው እርጥበት ላይ በቆሎ መዝራት ሲጀምር፣ አባዬ በኢታንግ መንገድ፣ የአጁሉ አያት ወዳሉበት መንደር አፈር ሊያመጣ ተነሣ። የመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ኋላ ላይ ሠራተኞቹና ዕቃው ነበሩ፤ ጋቢና ውስጥ፣ በሾፌሩና በአባዬ መሐል፣ አንድ ልጅ የምታስቀምጥ ቦታ ነበረች። ያቺን ቦታ እንዴት እንደተመኘኋት። አባዬ ቀን የመሥሪያ ቤቱ፣ ማታ የአፈሩ ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ ትከሻው ሥር መዋል ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ማን ይረዳኛል? እሱም አድልዎ እንዳይሆንበት ብሎ፣ ከአንድ ጓል ለሁለታችንም ከፍሎ ሊሰጠንና ወንፊቷን በደንብ የያዘችውን ሊወስድ ወሰነ።

ባልዲዎቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። የራሴን ውሃ ማየት ሲገባኝ የሷን አይ ነበር። እጇ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ከፍ ዝቅ ይላል፣ አባዬም የቆመው ከሷ ኋላ እንጂ ከእኔ ኋላ አይደለም። ሙቀት ነገር ከደረቴ ተነሥቶ ወደ ክንዴ ወረደ፣ ከዚያ ወዲያ እጄን የማዘው እኔ አልነበርኩም። ወንፊቶቹን ስናወጣ የሷ ላይ እንደ ቅንጬ የሞላ ፍሬ ቀረ፤ የኔ ላይ ግን ጥቂት አሸዋና የሣር ሥር ብቻ ነበር።

አጁሉ አየት አድርጋ፣ «ሙሉ፣ አፈሩን ገረፍሽው እንዴ?» አለችኝ።

አባዬ ቁጢጥ ብሎ ሁለቱንም ተመለከተና፣ «አፈሩ እኮ አንድ ነው፣ ሙሉዬ። ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ሄዱ። ምሳ አልበላም ብዬ በር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ መኪናው ሲመለስ አጁሉ ትከሻው ላይ ተኝታ ነበር፣ እንዳትነቃ ተጠንቅቆ አቅፎ አወረዳት። በማግሥቱ አያቷ የላኩትን የደረቀ ዓሣ ይዛልኝ መጣች፣ አልፈልግም አልኳት። እሷም እዚያው ቁጭ ብላ እየበላችው፣ «አባትሽ ዝም ነው። ስንሄድ ዝም፣ ስንመለስ ዝም። ምኑ እንዳስቀናሽ እንጃ» አለችኝ። ልታጽናናኝ መሆኑ ይገባኝ ነበር፤ ግን ዝምታውንስ ቢሆን ለምን ለሷ ይሰጣታል?

አባዬ ከጡረታ ወዲህ ያለው እኔ ጋ ነው። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ራሴን ሳስተምር፣ አጁሉ ግን ገፍታበት ዛሬ እዚያው ጋምቤላ የአፈር ባለሙያ ናት። እኔ ያቀረብኩለትን በዝምታ ይበላል፤ እሷ ስትደውል ግን ከትራሱ ቀና ይላል፣ ድምፁም ይታደሳል። ያኔ በልጅነታችን ዛሬስ ባልመጣች እያልኩ በሩን በሩን አይ ነበር። አሁን ስትዘገይ እኔው ደውዬ፣ «ምነው ጠፋሽ፣ ሰውዬሽ እየጠበቀሽ ነው» እላታለሁ። ስልኩን ለእሱ ሰጥቼም ጓዳ እገባለሁ፤ ገብቼም ሳህኖቹን ከሚገባው በላይ እያንኳኳሁ አጥባለሁ።