ቪፒኤን ጫንልኝ ያልኩት ሰው

ይኼ የሆነው ቴሌግራም ተዘግቶ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብሎ አገሩ ሁሉ ቪፒኤን ሲያወርድ በከረመበት ሰሞን ነው። ያ ጊዜ አልፏል። የኔ ንዴት ግን አላለፈም። ሰው ሲያነበው ቢያንስ ስልኩን ለማን እንደሚሰጥ ያስብበታል ብዬ ነው የምጽፈው።

መካነ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ወላጆቼ ከላላ ወረዳ ናቸው። ታናሽ እህቴ ሉባባ ያኔ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እመቤቷ ስልኳን እየቀማች ስለምትበረብርባት የምንጻጻፈው በቴሌግራም ብቻ ነው። ሉባባ ትጽፍልኛለች፣ ማንበቤን ስታይ ከሁለታችንም ስልክ ላይ ታጠፋዋለች። ቴሌግራም ሲዘጋ የእህቴ ድምፅም አብሮ ጠፋ።

እኔም እንደ ሰው ነፃ የሚባሉትን ቪፒኤኖች ከሰው ስልክ እየተቀበልኩ መሞከር ጀመርኩ። የመጀመሪያው መምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብዬ ስከፍተው ራቁት ለመሆን ትንሽ የቀራት ሴት ማስታወቂያ በጩኸት ለቀቀብኝ። የሰው መሳቂያ ሆንኩ። ሁለተኛው ሲሽከረከር ውሎ አይገናኝም። ሦስተኛው ደግሞ ስልክ ቁጥሮችሽን ልይ፣ መልእክቶችሽን ላንብብ ብሎ ፈቃድ ጠየቀኝ። ደንግጬ አጠፋሁት።

የኮምፒውተር መምህሩ ጌታቸው ይህን ሲሰማ፣ “ነፃ ቪፒኤን ማለት እኮ ሌባን ዘበኛ አድርጎ መቅጠር ነው። እኔ ከሥልጠና ስመለስ የሚታመነውን መርጬ እጭንልሻለሁ” አለኝ። እሱ ለሥልጠና ወደ ደሴ ሄደ። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። እህቴ በሕይወት መኖሯን እንኳ አላውቅም ነበር።

ከተማው ውስጥ ሰው ሁሉ “ኢንጂነር” የሚለው ስልክ ጠጋኝ አለ። ሱቁ ሄድኩ። ጉዳዬን ስነግረው በጣም አዘነልኝ።

“እህትሽ የት ናት?”

“አረብ አገር። ያደገችው ከላላ ነው።”

“አብሽሪ መምህር። ነፃው ሁሉ ሰላይ ነው። እኔ የምጭንልሽ የሚከፈልበት ነው፤ ጂኒም አያይሽ።”

እሱን ለማውረድ ኢሜል ያስፈልጋል፤ ስልኬ ላይ ግን የራሴ ኢሜል አልነበረም። “ችግር የለም፣ በኔ ኢሜል አወርደዋለሁ” አለና የሆነ የሆነውን እየነካካ፣ የሚጠይቀውን ሁሉ እሺ እሺ እያለ አለፈው። ፊት ለፊቱ ቆሜ አይ ነበር። ቴሌግራም ሲከፈትና የሉባባ “ዘይኔ አለሽ?” የሚል መልእክት ሲገባ ከደስታዬ ብዛት መረቅኩት።

ቪፒኤኑ እውነትም ሠራ። እስከዚያ ድረስ ምንም የምናገረው የለኝም።

ከዚያ አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ሉባባ ፎቶ ላከችልኝ። ጀርባዋ ነበር። እመቤቷ የፈላ ውሃ ደፍታባት ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ተልጧል። ከስር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ “ፎቶውን አንቺ ያዥልኝ። እኔ ጋ ከተገኘ አለቀልኝ። አጋጣሚ ሳገኝ ወጥቼ ኤምባሲ እገባለሁ፣ ያኔ ማስረጃ ይሆነኛል። ለእማ ግን ወላሂ እንዳትነግሪያት።” ፎቶውን ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት። ለማንም አልተነፈስኩም።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ደወለች። እናቴ በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

“ዘይኔ፣ የሉባባን ጀርባ ሰው ስልክ ላይ አየሁት።”

ልዋሽ ሞከርኩ። “እማ፣ የሌላ ሰው ይሆናል። ስንት ልጅ አለ አረብ አገር።”

“እኔ ያጠብኩትን ጀርባ ላላውቅ ነው?” አለችና ስልኩን ዘጋችው።

የጎረቤት ልጅ ናት ያሳየቻት። ቪዲዮውን ለኔም ላከችልኝ። ያቺ እኔ ብቻ የያዝኳት ፎቶ ናት። ቪዲዮውን የሠራው ሰው የፊቷ ጎን በሚታይበት በኩል የአበባ ምስል ለጥፎበታል፣ ከስር አሳዛኝ ዜማ ለቆበታል፣ “የከላላ ልጅ” ብሎ በትልቁ ጽፎበታል። ከዚያ የወንድ ድምፅ ይናገራል፦ “ወገኖቼ፣ ይህችን እህታችንን አይታችሁ ላይክና ሼር ሳታደርጉ እንዳታልፉ።” ድምፁን ወዲያው ለየሁት። አብሽሪ ያለኝ ድምፅ ነው።

ጌታቸው ከደሴ ተመልሶ ነበር። ስልኬን ተቀብሎ ትንሽ ነካካና ፊቱ ተለወጠ።

“ይኼ ኢሜል የማን ነው?”

“የኢንጂነሩ።”

“ፎቶ ባነሳሽ ቁጥር፣ ባስቀመጥሽ ቁጥር በኢሜሉ በኩል ወደሱ ሲሄድ ነው የከረመው። ቪፒኤኑ አይደለም ጉዱ፤ ጫኙ ነው።”

ያኔ የመጣብኝ የሉባባ ፎቶ ብቻ አልነበረም። ቤቴ ውስጥ ያለ ሻሽ የተነሳኋቸው፣ እናቴ ታማ ተኝታ ያነሳኋት፣ ሐኪም የሰጠኝ የምርመራ ወረቀት፣ ሁሉም የዚያ ሰው ስልክ ላይ ናቸው። በሱቁ በር ሳልፍ ለሰላምታ ፈገግ ሲልልኝ የከረመው ያንን ሁሉ እያየ ነው።

ጌታቸው አብሬሽ ልሂድ አለኝ። ስንደርስ ሱቁ በሰው ተሞልቷል።

“የእህቴን ጀርባ ለሰው አሳይ ብሎ ማን ፈቀደልህ?” አልኩት።

“ኧረ ተረጋጊ መምህር። ፊቷን ሸፍኜዋለሁ እኮ። ስንት ሰው ዱዓ እያደረገላት እንደሆነ አየሽ?”

“ፎቶውን ከየት አመጣኸው?”

“እኔ ሌባ አይደለሁም። ስልኬ ላይ ራሱ መጣ። የግል የግልሽን አይቼ ዝም ብያለሁ፤ ይኼ ግን የወገን ጉዳይ ነው።”

አይቼ ዝም ብያለሁ! እንደ ውለታ ቆጠረው። ምን ብዬ እንደጮህኩ አሁን አላስታውስም። የማስታውሰው ስልክ ሊያሠሩ የመጡት ሰዎች እሱን ትተው እኔን “ሴት ልጅ እንዲህ አትጮህም” ማለታቸውን ነው። ቪዲዮውንም፣ ወደሱ የሄዱትን ፎቶዎችም ጌታቸው አጠገቡ ቆሞ አስጠፋው። ምን ዋጋ አለው፣ ቪዲዮውን ሌሎች ወስደው በየገጻቸው አውጥተውታል። እስካሁን ይዞራል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሉባባ የምጽፍላት መልእክት አይነበብም። እናቴ ምግብ አልበላም አለች። ከእኔ ጋርም መነጋገር ተወች፤ ደብቀሽኝ ነው ብላ።

በዚህ መሃል ኢንጂነሩ ሽማግሌ ይዞ ቤቴ መጣ። የማከብራቸው የሰፈራችን አባት ናቸው የመሩት። “ልጄ፣ ለበጎ ብሎ ነው የተሳሳተ። አፉ በይው” አሉኝ።

“አባባ፣ የእርስዎ ልጅ ጀርባ ቢሆን አፉ ይሉታል?”

አቀረቀሩ። እኔም ለእሳቸው ስል ትንሽ ልለሰልስ ነበር። እሱ ግን ዝምታው የከበደው መሰለኝ፣ “ቪፒኤኑ ግን እስካሁን በደንብ ይሠራል አይደል?” አለኝ።

ተነስቼ በሩን ከፈትኩላቸው። ሽማግሌው ሲወጡ፣ “አንተ ልጅ፣ እኔንም አዋረድከኝ” ሲሉት ሰማሁ።

ሉባባ በመጨረሻ ወጣች። ቆሻሻ ጣይ ተብላ ስትላክ በዚያው ሮጣ ኤምባሲ ገባች። ቤቷ ከመጣች በኋላ ነው የሆነውን የነገረችን። የጎረቤት ቤት ሠራተኛ የሆነች ሐበሻ ቪዲዮውን አይታ፣ “አንቺ ነሽ አይደል?” እያለች ስታሳያት እመቤቷ ደረሰችባቸው። ስልኳን ሰበረችው፣ በር ቆለፈችባት፣ ያልዳነው ጀርባዋ ላይ እንደገና መታቻት። ሊረዳት ነው የተባለው ሰው ያመጣላት ይኼን ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ አገሯ ናት። ቁስሉም ደርቋል። እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏት የሚመጡ ሰዎች ግን ሰላም ብለዋት ዞር ስትል ዓይናቸው ጀርባዋ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን እንግዶቹ ሲወጡ፣ “ዘይኔ፣ እኔ አንቺ ብቻ እንድታይው ነው የላኩት” አለችኝ። እየወቀሰችኝ አልነበረም። ዝም ብላ ነው የተናገረችው፤ ለዚያ ነው የከበደኝ።

ኢንጂነሩ ዛሬም ሱቁን ከፍቶ ይሠራል። ሰው ስልኩን ይሰጠዋል፣ እሱም አብሽሩ ይላል። በዚያ ሳልፍ ቆመው የማያቸውን ሴቶች ሁሉ፣ “የማን ኢሜል ነው ያስገባልሽ?” እላቸዋለሁ። አንዳንዷ እንደ እብድ ታየኛለች። አንዳንዷ ግን ስልኳን መልሳ ትቀበለዋለች።

ሰዎች፣ “አላህ እንኳ ይቅር ይላል፣ አንቺም ተይው” ይሉኛል። አላህ ይቅር ይበለው። እኔ ገና ነኝ።